የሕመሙ ስም የተጻፈበት የእትዬ መርፌ የሕይወት ታሪክ

ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪማቸው «በሚቀጥለው ቀጠሮ የቤተሰብዎን ታሪክ ይዘው ይምጡ» ባሏቸው ጊዜ፣ እናታችን በካርቶን አቃፊ ያቆዩዋቸውን ሦስት የሕይወት ታሪኮች ይዘው ሄዱ። የእናታቸው፣ የአክስታቸውና የታላቅ እህታቸው ሲሆኑ፣ ሁሉም በየቀብራቸው የተነበቡ ናቸው። ሐኪሟ የፈለጉት ከዘመድ ማን በምን ሕመም እንደሞተ ማወቅ ነበር። ሦስቱንም አንብበው ቀና አሉና «እማማ፣ ሁሉም የሚለው ‹ባደረባቸው ሕመም› ነው። ሕመሙ ምን ነበር?» ሲሉ ጠየቋቸው። እናታችን የእናታቸውንና የአክስታቸውን አያውቁም ነበር። የእህታቸውን ያውቁ ነበር፤ ጮክ ብለው ተናግረውት ግን አያውቁም።

ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ መርፌ» የሚላቸው እናታችን በ1956 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከአባታቸው የስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ። በ1979 ዓ.ም. አንድ መስኮት ባላት የመንገድ ዳር ክፍል የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የደንበኞቻቸውን ልክ በደብተር ይይዙ ነበር። የወገቧን ልክ ቀንሰው እንዲጽፉላት የለመነቻቸውን ሙሽራ «የኔ ልጅ፣ ሜትር ይሉኝታ አያውቅም። ቀሚሱ የሚጠበው አንቺን እንጂ ደብተሬን አይደለም» ብለው አስቀዋታል።

በ1981 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችን ወለዱ። አባታችን ከሥራ ሲመለሱ፣ መሪ በለመደ እጃቸው ቁልፍ ይተክሉላቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። የደም ምርመራውም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የጂን ለውጥ እንዳለባቸው አሳየ። ሐኪማቸው እንዳስረዱን፣ የሚወረሰው ካንሰሩ ሳይሆን ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድሉ ነው። ለውጡ ከእናትም ከአባትም ሊመጣ ይችላል፤ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ያለበት ሁሉም አይታመምም። ለታመመ ሰው ደግሞ የጂን ለውጡ ሕመሙ በሚሄድበት መንገድና በሚመረጥለት መድኃኒት ላይ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። እናታችን ይህን ለዘመድ ሲያስረዱ «የደረሰን የወረቀቱ ቅድ ነው፤ ልብሱ ገና አልተሰፋም» ይሉ ነበር።

እስከ መጨረሻው ያስቆጫቸው የእህታቸው የሕይወት ታሪክ ነው። በ2003 ዓ.ም. እህታቸው በጡት ካንሰር ሲያርፉ «ሰው ምን ይላል? ልጆቿንስ ማን ያገባቸዋል?» ብለው የሕመሙን ስም ያሰረዙት እሳቸው ነበሩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የእህታቸውን ልጆች ሰብስበው እውነቱን ሲነግሯቸው፣ ታላቋ ተመርምራ ካንሰር ተሠራጭቶ ተገኘባት። በ2016 ዓ.ም. በሠላሳ አራት ዓመቷ አረፈች። እናታችን ከቀብሯ እንደተመለሱ አቃፊያቸውን አውጥተው «የኔ ሲጻፍ ስሙ ይጻፍ፤ የሚያፍር ካለ ጆሮውን ይያዝ» አሉ።

በቃላቸው መሠረት እነሆ ተጽፏል። እናታችን ወደ ጉበታቸው በተሠራጨ የጡት ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ድካማቸውን ቆጥሮ፣ ሕመም ከማይደርስበት ቦታ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ሦስቱም ልጆቻቸው ተመርምረዋል። ለውጡ በወንድ ልጃቸውና በታናሿ ሴት ልጃቸው ተገኝቷል፤ ሁለቱም እስካሁን ጤነኞች ናቸው። የእህታቸው የቀሩት ሁለት ልጆች ለዓመት ያህል ቀጠሯቸውን ሲያስተላልፉ ቆይተው፣ ዛሬ ጠዋት ከቀብሩ በፊት ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ሆስፒታል ሄደው ለምርመራው ደም ሰጥተዋል።