እማዬ ነርስ ልትሆን ነው፣ አባዬ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የምናዘዘው ኃጢአት አለብኝ። ከመላጫህ ጎን የነበረችውን ሽቶህን የጨረስኳት እኔ ነኝ። አንዲት ጠጉር እንኳ ያልበቀለበትን አገጬን ጠዋት ጠዋት ስቀባ ከርሜ ትናንት ጠርሙሷ ደረቀች። እማዬ በራሷ ተንና ያለቀች ነው የሚመስላት። የንስሐ አባታችን ስንት ስግደት እንደሚያሸክሙኝ ስለማላውቅ ላንተ መናገሩን መረጥኩ።

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የለንደኗ ሰፈራችን ፊንስበሪ ፓርክ እንዳለች ናት። ሊፍቱ አሁንም አይሠራም፣ የላይኛው ጎረቤታችንም አሁንም ከነቡትሱ የሚተኛ ነው የሚመስለው። የተለወጠችው እማዬ ናት። አገር ቤት ባዮሎጂ ስታስተምር የነበረችው፣ እዚህ መጥታ ኬር ሆም በሚሉት መጦሪያ ውስጥ አሮጊቶች ስታጥብ የኖረችው ሚስትህ ነርስነት ልትማር ነው። ሁለት ቦታ አፕላይ አድርጋ ሁለቱም ተቀበሏት። አንደኛው ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተጨመቀ፣ በሁለት ዓመት የሚያልቅ ነው፤ ግን ሩቅ ከተማ፣ ሊድስ ነው። ሌላው እንደማንኛውም ተማሪ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ግን እዚሁ ነው፣ በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። አጭሩን ከያዘች የተከራየነው ፍላት ለባለቤቱ ለካውንስሉ ይመለሳል፣ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤቴን እንዳልለቅ እዚሁ ለንደን፣ ሃርልስደን፣ እህትህ እትዬ አስካለ ቤት እገባለሁ። ቤቱን ታውቀዋለህ። ሶፋው እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይጮኻል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሊመክሯት መጡ። መሪያቸው ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ለንደን ከገቡ ጀምሮ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ አንድ ፈተና ብቻ የቀራቸው እኚያ ወዳጅህ፣ ስለ ጊዜ ውድነት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። "ስሚኝ እኅቴ፣ አጭሩን ያዢ። ትምህርት ሲረዝም ሰው ይበላል" አሉ። ከሳቸው በላይ ማን ሊያውቅ። አብረው የመጡት እትዬ አስካለም "በዚህ ዕድሜ ከልጆች ጋር ሦስት ዓመት ደብተር ይዞ መንከራተት፣ ኧረ ነውር ነው" አሉ። ከዚያ ሁሉም በየተራ አንተን መጥቀስ ጀመሩ። "ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ቢኖር አጭሩን ነበር የሚላት።" ሻይ በተቀዳ ቁጥር አንተ አዲስ ሐሳብ ትሰጣለህ። በሕይወት ሳለህ ያን ያህል ተናግረህ አታውቅም።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ አባዬ። ያኔ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ አንተን የጠየቀህ አልነበረም። ሐኪሙ አልጋህ አጠገብ ቆሞ ካንሰር መሆኑን፣ መድኃኒት እንደማያቆመው፣ የቀረህ ጊዜም አጭር መሆኑን ሲናገር አስተርጓሚህ ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ያን ሁሉ ሰምተው "ጨጓራ ነው፣ ይሻልሃል" አሉህ። ለሕመምተኛ ክፉ ወሬ አይነገረውም፣ ልቡ ይሰበራል፤ ደንባችን ነው። እኔ እንግሊዝኛውን ሰምቼዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል እማዬ በዓይኗ ዘጋችው። አንተም አምነህ ሐኪሙን አመሰገንከው። ሁላችንም ኮሪደር ስንወጣ አንዲት ነርስ ተከትላን መጥታ እማዬን "ያውቃል?" አለቻት። ነርስነቱ ከዚያች ጥያቄ የመጣ ይመስለኛል።

እየሞትክ መሆኑን ሳታውቅ ስለሞትክ አንድም የስንብት ቃል ሳትተውልን ሄድክ። አሁን ባዶውን ቦታ ሁሉም በሚፈልገው ይሞላዋል።

እኔም ሞላሁት። "አባቴ ለእኔ ነግሮኛል፤ እናትህ ከተማረች ሦስት ዓመቱን ትማር ብሏል" አልኩ።

ጋሽ ተፈራ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "መቼ ነው የነገረህ፣ አንተ?"

"ጨጓራውን ታሞ ሳለ" አልኳቸው።

ጋሽ ተፈራ ኮታቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ ለብሰውት ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። "አጭሩን ይዣለሁ" አለች። "እነሱ ስላሉኝ አይደለም። አንድ ዓመት ቀድሜ ከጨረስኩ አንድ ዓመት ቀድሜ ደሞዝ ይዤ፣ ቤት ተከራይተን ዳግም አብረን እንኖራለን። እስከዚያ ግን ሃርልስደን ነህ። በየሳምንቱ እመጣለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ሺፍት ይኖርብኛል። ይከፋሃል። እኔንም ይከፋኛል።"

ከዘመዶቻችን መካከል ክፉ ወሬ ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። በዚያች ሰዓት ጠላኋት። ግን ጥያቄ ጠየቅኋት፣ መለሰችልኝ፤ አለቀስኩ፣ ጠበቀችኝ። ይሄ ላንተ አልደረሰህም። ላንተ እውነቱን ስለደበቀችህ ይቅር ልላት ገና አልቻልኩም፤ ሊድስ ለመሄዷ ግን ምናልባት።

አሁን ዕቃ እያሸግን ነው። ልብስህን እንዳጣጥፍ ታዝዤ ቁም ሳጥኑ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ሃርልስደን ስገባ እትዬ አስካለ በስምህ ስንት ነገር እንደሚያዙኝ ይታየኛል። አባትህ ቢኖር ጸጉርህን ያስቆርጥህ ነበር፣ አባትህ ቢኖር ያን ሙዚቃ ያስዘጋህ ነበር። እኔ ግን ከገዛ አፍህ የወጣውን ብቻ ላስታውስ ቃል እገባልሃለሁ። የመጨረሻዋ፣ አልጋ ላይ ሆነህ "ሆዴን ሲሻለኝ ብራይተን ወስጄ ባሕሩን አሳይሃለሁ" ያልከኝ ናት። ውሸት ላይ የቆመች ተስፋ ናት። ቢሆንም የራስህ ቃል ናት፤ ማንም አላስተረጎመልህም። ከእኔ ጋር ትኖራለች።

እማዬ ኮሪደሩ ላይ እየመጣች ነው። አንድም ሸሚዝ አላጣጠፍኩም። በሩን ከፍታ ቆመች።

"ኤርሚያስ፣ ለማን ነው የምትጽፈው?"

ልነግራት ነው።