በጸደይ የተቀበረ ገለባ

ውድ እዋኦ፣

ለሞተ ባል ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ነው ብትለኝ አልከራከርህም። ግን ማሳህ ከእጄ ሊወጣ ምንም ያህል አልቀረውም ነበርና ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አምና ከአጨዳው በኋላ ሰው ሁሉ የሩዝ ገለባውን በረዶ ሳይወርድ አርሶ ሲቀብር እኔ ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ገለባችን በረዶ ሥር ከረመ። አንተን ከሸኘን በኋላ፣ በጸደይ ትራክተሩን ራሴ አውጥቼ ቀበርኩት፤ ውሃ ለቀቅሁበት፤ ችግኙንም ተከልኩ።

ሰኔ ላይ የጎረቤቱ ሁሉ ሲለመልም የእኛ ማሳ የወፍ በሽታ እንደያዘው ሰው ቢጫ ሆነ። የመንደሩ ሴቶች ማሳው በባለቤቱ ሞት እያዘነ ነው አሉ።

ወንድምህ ማሳኪ ከጸደይ ጀምሮ እርሻው በስሙ እንዲዞር አባትህን ሲጨቀጭቅ ነበር። ገና ወጣት ናት፤ ነገ ታገባና የአባቴ መሬት ለባዳ ይሆናል ይላል። አባትህ በኦቦን፣ ሙታን ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ሰሞን፣ እወስናለሁ አሉ። ቢጫው ቅጠል እንግዲህ ለማሳኪ ጥሩ ምስክር ሆነለት። ቢሆንም ክፉ አይደለም፤ ማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ።

«እትዬ፣ ርቦት ነው እኮ። ይህን በትኚበትና በሳምንት ይነሣል።»

እምቢ አልኩት። በተጋባን ዓመት፣ እህል አፍህ ውስጥ እያለ ያስረዳኸኝን አልረሳሁም። ገለባውን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንም ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ገለባው ውስጥ ያለው ስለማይበቃቸው ከሩዙ ሥር ቀድመው ከአፈሩ ይወስዳሉ። የእኛ ገለባ ዘግይቶ በጸደይ ስለተቀበረ መብላታቸው ሩዙ ከሚያድግበት ጊዜ ጋር ገጠመ። «ሲሞቱ የበሉትን ይመልሳሉ» ብለኸኝ ነበር። አሁን ማዳበሪያ ብጨምርበት፣ ሙቀቱ ሲበረታ እነሱ የሚመልሱት ሲደረብበት ሩዙ ያለ ልክ ያድግና ይጋደማል።

«የሞተ ሰው ምክር ነው የምትሰሚው?» አለኝ።

«በሕይወት ያለው ሁሉ ማሳውን ሲፈልገው ምን ላድርግ?» አልኩት።

አፌ ደፋር ነበር እንጂ ሆዴ ፈርቷል። አባትህ በየማለዳው እጃቸውን ወደኋላ አድርገው በማሳው ዳር ይዞሩና አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ይመለሳሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማሳኪ የተወውን ከረጢት ስንቴ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት!

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ሲጠነክር ማሳው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ። አልዋሽህም፣ ቢጫ ሆኖ የከረመበት ጊዜ ጎድቶታል፤ ዛላው ከአምናው ያንሳል። ግን ቆሟል።

በኦቦን ደጃፍ ላይ እሳት አንድደን ከተቀበልንህ በኋላ እራት ቀረበ። ማሳኪ ምርቱ እንደሚቀንስ አነሣ። አባትህ የሩዝ መጠጣቸውን፣ የሳኬውን ጽዋ፣ አስቀመጡ።

«ማሳው የፉሚኤ ነው።»

«ነገ ብታገባስ፣ አባባ?»

«ብታገባም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የሚጠይቅሽ ሰው ከመጣ እኔን ፈርተሽ እንዳትመልሺው። እርሻ የማያውቅ ከሆነም አስተምሪው።»

ጽዋቸውን ልሞላ ስል ሳኬውን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ማሳኪ በጨርቅ ጠረገልኝ።

እዋኦ፣ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት መቼም አላገባም ብዬ ልምልልህ ነበር። የአባትህን ቃል ከጻፍኩልህ በኋላ ግን መሐላው ከብዕሬ አልወጣ አለ፤ አንተን ደግሞ ዋሽቼህ አላውቅም። ስለ ማሳው፣ እንደማልተወው ቃሌን እሰጥሃለሁ። ስለ ራሴ ግን አላውቅም።

ፉሚኤ