አሥሩን ስቀል

ጥቅምት 22 ቀን 1970

ከሰዓት ትምህርት አልነበረም፤ ውይይት ነበር። ስለ ምን ተወያየን? አላስታውስም... አጨበጨብሁ ግን። ስወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዘዘ ቢሮው እንድመጣ ላከብኝ። ምን አጠፋሁ እያልሁ ሄድሁ። ለካ የፈለገው እንግሊዝኛዬን ነው!

ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ሰጠኝ። እርስ በርሳቸው የማይያያዙ የእንግሊዝኛ ቃላት። «ተርጉም፣ ጓድ መምህር።» ተረጎምሁ። «ሀንግ ቴን» የሚለውን «አሥሩን ስቀል»። «ዋይፕ አውት»ን «ጠራርጎ ማጥፋት»። «ባረል»ን «አፈሙዝ»። «ግሪን ሩም» ላይ ትንሽ አሰብሁና «አረንጓዴው ክፍል» አልሁ። ከግርጌው ፈረምሁ።

ጓድ አዘዘ ተነሥቶ ጨበጠኝ። «አብዮቱ የሚፈልገው እንዳንተ ያለ ምሁር ነው።» ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ... በጣም ደስ አለኝ።

ጥቅምት 23

ወረቀቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ምን አገባኝ?

ጥቅምት 25

ቤተ መጻሕፍታችን ተዘግቷል። ሰገነትን ትናንት ወሰዷት። መጽሐፍ ለሚያዘገይ ተማሪ እንኳ ድምጿን ከፍ የማታደርገውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ! ወረቀቱ የእሷ ነው፤ ቤቷ ሲፈተሽ የተገኘ። አሥር ካድሬዎችን ልትሰቅል አሲራለች ይላሉ። ማስረጃው የባለሙያ ትርጉም ነው። ባለሙያው እኔ።

የአብዮት ጥበቃዎቹ አረንጓዴውን ክፍል ፍለጋ ፋሲሎ ሰፈርን ቤት ለቤት ሲያስሱ ዋሉ። አላገኙም። በዚህ ከተማ አረንጓዴ የተቀባ ክፍል እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። የጓድ አዘዘ ቢሮ።

ጥቅምት 26

እናቷ ዘንድ ሄድሁ። እትዬ የብርጓል ዓይናቸው አብጧል።

«ወረቀቱ ምን ነበር፣ እትዬ?»

«የዚያ ፈረንጅ ወሬ ነዋ! ከአሜሪካ ሰላም ጓድ ሆኖ መጥቶ ሲያስተምር የነበረው። አገሩ ባሕር ዳርቻ ነው፤ ጣውላ ላይ ቆሞ ማዕበል ይጋልብ ነበር አሉ። ልጄ ያኔ ተማሪ ናት። የሚያወራውን ቃል እየለቀመች ትጽፋለች፣ እንግሊዝኛዋ እንዲጠና።»

«አሥሩስ?»

«የእግር ጣት ነው! ጣውላው ጫፍ ላይ አሥሩንም ጣት አውጥቶ መቆም። ስብሰባ ላይ አፈሙዝ ብለው ያነበቡት ደግሞ ማዕበሉ ሲጠቀለል መሀሉ የሚሆነው ዋሻ። ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ክፍል ይሉታል... እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ያን የተረጎመውን ሰው እጁን ይቁረጠው!»

«አሜን» አልሁ።

ሌላ ምን እላለሁ?

ጥቅምት 28

ጓድ አዘዘ ዘንድ ገባሁ። «ትርጉሙ ላይ ተሳስቻለሁ።»

«የቱ ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

የእግር ጣቱን፣ ዋሻውን፣ ጣውላውን አስረዳሁ። «ዋይፕ አውት»ም እንግዲህ ከጣውላው ላይ ውሃ ውስጥ መውደቅ ነው አልሁ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፦ «የዋሸኸው ያን ጊዜ ነው ወይስ አሁን?»

«ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር።»

«የማታውቀውን ትፈርማለህ?»

ከተዋወቅን ጀምሮ ልክ የሆነ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ቀጠለ። «ውሃ ላይ በጣውላ የሚቆም ሰው አይቼ አላውቅም። ካለ አሳየኝ። ሐይቁ ያው። የሚረሸኑት ሰዎች ዝርዝር ሐሙስ ወደ በላይ አካል ይሄዳል።»

መዋኘት አልችልም። እሱን ማንም አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 29

ጣውላ አጣሁ። ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ያረጀ ጥቁር ሰሌዳ አወጣሁ። አገኘሁ የሚባል ባለታንኳ እየጎተተ ሊወስደኝ ተስማማ።

«ጌታው፣ ታንኳ እያለ በሰሌዳ?» አለኝ።

«የመንግሥት ሥራ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 30፣ ረቡዕ

ከሰዓት ነፋሱ ተነሣ። የቀበሌው ኮሚቴ በሙሉ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ወገቤን በገመድ ታስሬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የጻፍሁበት ሰሌዳ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። ባለታንኳው ማዕበል ወዳለበት ጎተተኝ። በጉልበቴ ተነሣሁ... ቆምሁ... ወደቅሁ። የሐይቁን ግማሽ ሳልጠጣው አልቀርም። ባለታንኳው በኮሌታዬ ጎትቶ አወጣኝ።

«ዋይፕ አውት ማለት ይኸ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

ጠመንጃ የያዘው ጥበቃ ሳይቀር ሳቀ። ጓድ አዘዘ አልሳቀም። «ድገመው» አለ። አምስት ጊዜ ደገምሁ። በአምስተኛው፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ማዕበል ከኋላ ገፋኝና ቆምሁ። ሸርተት ብዬ እስከ ዳርቻው ደንገል ደረስሁ። ሳልወድቅ! ጣቶቼ ከሰሌዳው ጫፍ ወጥተዋል። ከኮሚቴው አንዱ ጎንበስ ብሎ፦ «አሥር ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ» አለ። ጸሐፊው መዘገበ።

ለዚያች ቅጽበት ስለ ሰገነት ረስቼ ነበር። ልቤ በደስታ ዘለለ። አፈርሁ።

ኅዳር 1

ትኩሳት። አልጋ ላይ ነኝ። ዝርዝሩ ተነበበ አሉ። የሰገነት ስም የለበትም። የሌሎች አራት ሰዎች አለበት።

ለአራቱ ማን ሰሌዳ ላይ ይቁም?

ኅዳር 9

ተፈታች።

ኅዳር 11

ቤቷ ሄድሁ። ፀጉሯን ላጭተዋታል፤ ሻሽ አስራለች። መንገድ ላይ የተለማመድሁት ንግግር ነበር። ጠፋብኝ።

«የተረጎምሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

«አውቃለሁ። ሲመረምሩኝ እያነበቡልኝ ነበር።» ሻሿን አስተካከለች። «አማርኛው ጥሩ ነው። ፊርማህም ታምራለች።»

«ሐይቁ ላይ...»

«ሰምቻለሁ፤ ከተማው ሁሉ ያወራል። አመሰግናለሁ፣ አካሉ። አሁን ሂድ።»

እትዬ የብርጓል እስከ በሩ እንኳ አልሸኙኝም። ሄድሁ።

ኅዳር 20

ጓድ አዘዘ አስጠራኝ። ሌላ ወረቀት፣ የታጠፈ። «ተርጉም።»

«የማን ነው?»

«እሱ ምን ያደርግልሃል?»

«ባለቤቱ ይጠራና ምን ማለቱ እንደሆነ እሱን ልጠይቀው። ያለዚያ አላነብም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ወረቀቱን ሳልገልጠው ወደሱ ገፋሁት። እጄን ኪሴ ከተትሁ። «ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም... እስካሁን።

በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ይኸን ደብተር የት እንደምደብቀው እያሰብሁ ነው።