የእንደሻው ኮከብ እንዲከፈትልህ

ሚልኪ፣
ወደ እንደሻው አርባ ሄጃለሁ። ላፕቶፑ አልጋህ ላይ ነው።

እንደሻው ለመመረቂያው ያጠና የነበረውን የኮከብ ኤክስሬይ ፋይል ለብቻው ዴስክቶፕ ላይ አውጥተህ፣ ሶፍትዌሩ አልከፍት ሲልህ «የእንደሻው ሥራ ጠፋ» ብለህ ሁለተኛ መርዶ ነገርከኝ። ፋይሉ ደህና ነው ጌታው፤ ባልንጀሮቹን አጥቶ ነው። የዙሪያውን ሰማይና የመሣሪያውን ጠባይ የያዙት ሁለቱ ፋይሎች ከጎኑ ካልሆኑ አይነበብም። እንደሻው ይህን ሲያስረዳን አንተ ካርታ ስትበውዝ ነበር።

አሁን ሦስቱንም አንድ ፎልደር አስገብቻቸዋለሁ። ግራፉን አውጥተህ ለመመረቂያ ጽሑፉ አማካሪ ዛሬውኑ ላክላቸው፤ የእንደሻውን ስም ከላይ አድርገህ።

ትናንት የጮህኩብህ ለፋይሉ ብዬ አይደለም።
ከቀብሩ መቅረትህን ግን አላነሳም።

ስትጨርስ ከፈረስ መጋላ ባጃጅ ይዘህ ና። እናቱ ብቻዬን ሲያዩኝ «ሚልኪስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ዛሬስ «እየመጣ ነው» እላቸዋለሁ።

እንድሪያስ