መዳብ የነካች እጅ

ለክቡር ምስለኔያችን ለባላምባራስ ዘውዱ፤

የጉና ውርጭ አይንካዎ፣ ጅራፍ የለመደች ክንድዎም አትዛል እያልሁ፣ ዘንድሮ ከቅኔ ቤት ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ ያለሁት ደብተራ በላይነህ ከገሳይ በላይ ካለችው ደብራችን እጅ እነሣለሁ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለአንቱ ቢሆንም፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጮክ ብዬ ስላነበብሁት አገሬው ቀድሞዎት ሰምቶታል፤ ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የመዳብ ደወላችን ከተሰረቀ ወዲህ ስላገኘነው ጸጥታ እናመሰግናለን። ደወሉ ሽፍታ ሲመጣም ይደወል ስለነበር ወንዱ ሁሉ ዱላውን ይዞ እየወጣ እንቅልፍ አጥቶ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ሽፍቶች ገበሬውን አድማሱን በገዛ ደጁ በጦር ሲወጉት ግን ማንም አልተረበሸም፤ ጎረቤቶቹ የደረሱት ሬሳው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌባው ይውጣ ብለው ወንዱን ሁሉ በእሾህ አጥር ውስጥ በብርድ ስላሳደሩልን ውለታዎ አይረሳም። «ከአጥሩ ውጭ የተገኘ እሱ ሌባ ነው» ብለው ስላወጁ ሽባው እንኳ በቃሬዛ ገባ፤ ሁላችንም «አልሰረቅንም» ብለን መስቀል ጨብጠን ማልን። ዞር ብዬ ባይ ከውጭ የቀረ ከአንቱ፣ ከአሽከሮችዎና ከበቅሎዎ በቀር አላገኘሁም፤ ትምህርቴ ገና ስላልበሰለ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ ፍጥነት። «መዳቡን የነካች እጅ ትነሣ» ብለው ሲያዙ ደዋያችን ፈንታሁን ቀኝ እጁን አነሣ። የዋህ ነውና ደዋዩ ማን እንደሆነ የጠየቁ መስሎት ነው። ሊያዩት በቅሎዎን ወደ አጥሩ ሲያስጠጉ በአንገቷ ያለው አዲስ የመዳብ ቃጭል አንቃጨለ፤ እኛም ኪዳን የተደወለ መስሎን ብድግ አልን። ፈንታሁንም «ጌታዬ፣ በቅሎዋ የርስዎ ናት፤ ድምፁ ግን የኛ ነው» አለ። ወዲያው አሽከሮችዎ ጀርባው እስኪላጥ ገረፉት፣ ጥርሱንም በሰደፍ አረገፉለት፤ አንቱም ያች እጁ በቅዳሜ ገበያ እንድትቆረጥ ፈረዱ። ሚስቱ ወርቅነሽ ደሙ እንዲቆም ጉማጁ የሚነከርበትን፣ ፈልቶ የሚቀርበውን ቅቤ ከአሁኑ ታሰባስባለች። ቅጣቱ የመጣው በእጁ ሳይሆን በአፉ ነው የሚሉ ምላሰኞች አሉ፤ እኔ በበኩሌ ላለማመን እየታገልሁ ነው።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ ከቅዳሜ በፊት እንደኛው ከአጥሩ ገብተው፣ እንደኛው መስቀል ጨብጠው ይማሉልን። የመሐላውን ቃል አሳምሬ አዘጋጅቻለሁ፤ ከተመረቅሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ነውና ዋጋ አልጠይቅም። መማል ከከበደዎት ግን «ከአጥሩ ውጭ የተገኘ» ያለው አዋጅዎ ራሱ ይፍረድ፤ የፈንታሁን እጅም ከነጣቷ ወደ ገመዷ ትመለስ።

ጥላዎ ከላያችን እንዳይነሣ፣ መነሣቱ ካልቀረም ፈጥኖ እንዲነሣ ሌት ተቀን የሚጸልይ፣ ሹመት ፈላጊ አገልጋይዎ፣
ደብተራ በላይነህ

የተረሳ ነገር፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ባለ ቃጭሏን በቅሎዎን ትተው እንዳይመጡ አደራ። ደወል ያለ ሰዓቱ ሲጮህ ዱላ ይዞ የመውጣት ልማዳችንን እስካሁን የሰረቀን የለም።