ሁለተኛው ኬሚስትሪ

ሂልማር፣ ካሊፎርኒያ
እሑድ፣ ሜይ 4 ቀን 2025

ለውድ ወንድሜ ለዱዋርቴ፣

«ውድ» የሚለውን ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት። ሰላምታ ያለ እሱ አያምርም ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይምሰልህ።

እንዴት ነህ? ባሕሩስ? እኛ ደህና ነን። ወንዱ አያታችን ልባቸው ከተጠገነ ወዲህ ጎረምሳ ሆነዋል። ሐኪሙ ጨው ይተዉ ቢላቸው «አይብ ወተት ነው እንጂ ጨው አይደለም» ብለው ይከራከሩታል። አባባ አሁንም ከእማ ይልቅ ከትራክተሩ ጋር ነው የሚያወራው፤ ትራክተሩ ቢያንስ አንዳንዴ ይመልስለታል።

ያልደወልኩልህ አውቄ ነው። በስልክ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ታስቀኛለህ፣ ከሳቅኩ ደግሞ አለቀልኝ። በደብዳቤ ግን ማቋረጥ የለም። ዝም ብለህ ታነባለህ።

ዩኒቨርሲቲህ እንዳልተቀበለኝ ስነግርህ «አይዞሽ ኦዴት፣ የቀረባቸው እነሱ ናቸው» ብለኸኝ ነበር። ደስ ብሎኝ አድሬ፣ ማክሰኞ ኮሌጅ ሄጄ አማካሪዋን ሚስስ ታካሃሺን አነጋገርኳት። ኮምፒውተሯን አየች፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ እንደገና አየች።

«ክሬዲትሽ ሞልቶ ተርፏል። ውጤትሽም የሚያምር ነው። ሁለተኛው ኬሚስትሪ የት ገባ?»

«ለባሕር ሳይንስ አያስፈልግም ስለተባልኩ ተውኩት።»

«ማነው ያለሽ?»

«ወንድሜ። ከዚሁ ኮሌጅ ተዛውሮ ያንኑ ትምህርት እዚያው እየተማረ ነው።»

«እሱስ ታዲያ ሳይወስደው እንዴት ገባ?»

ሁለቱንም ኬሚስትሪ ሳይጨርስ ወደዚያ ክፍል የሚዛወር ሰው እንደሌለ፣ ሁለተኛው ደግሞ እኛ ኮሌጅ በጸደይ ብቻ እንደሚሰጥ ነገረችኝ። የዘንድሮው ጸደይ አለፈ። ዓመት ሙሉ መቀመጥ ነው።

«በሱ ፈንታ ምን ወሰድሽ?»

«ሰው ፊት ቆሞ ንግግር ማድረግ።»

«እሱንማ የሚፈልገው እዚህ ጎረቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከቤትሽ ሳትወጪ የምትማሪበት። ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?»

ይህን ለሚስስ ታካሃሺ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ባለፈው ኖቬምበር ቀጠሮ ይዤ ነበር። እማ «የገዛ ወንድምሽ እያለ ባዕድ ቤት ምን ትዞሪያለሽ?» ስትለኝ ሰረዝኩት። ቤታችንን ታውቀዋለህ። የአክስታችን ባል ጥርሱን ሲያመው አፉን የከፈተው ለአጎታችን ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ የላም ሐኪም ነው። ዘመድ ካለ ሌላ አይጠየቅም።

እና ምን አልኳት መሰለህ? «ተሳስቶ ነው» አልኳት። መኪና ውስጥ ሆኜም ሳስብ የነበረው ላንተ ነው። መሳሳቱን ሲሰማ ይጎዳል፣ ባልነግረው ይሻላል አልኩ። ሞኝ ነኝ አይደል?

ትናንት አክስቴ ፊሎሜና የበዓሉን ካባ ልትለካኝ መጣች። አያታችን ሊታከሙ ሲገቡ፣ ከዳኑ የልጅ ልጃቸው ለመንፈስ ቅዱስ በዓል ንግሥት ሆና ዘውድ እንድትጭን ሴቷ አያታችን ቫቮ ተስለው የለ? በዓሉ ጁን ላይ ነው። አንድ ቀን ዘውድ ጭኜ፣ በሰልፉ ሄጄ፣ የሥጋ ሾርባዬን በልቼ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። የቬልቬቱን ካባ ጫነችብኝና አፏን መርፌ ሞልታ እግሬ ሥር ተንበረከከች።

«ቀጥ በይ! እንደ ጥጃ አትወዛወዢብኝ።»

«አክስቴ፣ ይሄ ነገር እኮ ከእኔ ይከብዳል።»

«ከአሁኑ ደከመሽ? ገና ዓመቱን ሙሉ ትጎትቺዋለሽ።»

«የምን ዓመት?»

«ታዲያ ንግሥት የአንድ ቀን ሙሽራ መሰለችሽ? ጎረቤት ከተማ ሁሉ በዓል ባደረገ ቁጥር ትሄጃለሽ። አንቺ እዚያ ባሕርሽ ውስጥ ብትገቢ ማን ሊለብሰው ነበር? ዱዋርቴ ይባረክ፣ ያንን ትምህርት ባያስተውሽ ኖሮ…»

እዚህ ላይ ቆመች። እማ ካውያውን ይዛ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ምን ነው ያስተወኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! መርፌ አፌ ውስጥ ነው።»

«እስካሁን በመርፌው መሃል ስትሰብኪ ነበር እኮ!»

በመጨረሻ የተናገረችው እማ ናት፤ ዞር ሳትል። «አንድ ዓመት እኮ ነው ልጄ። እሱም መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

መጀመሪያ። ይህቺን ቃል ይዤ አደርኩ። መጀመሪያ እምቢ አልክ፣ ከዚያ እሺ አልክ፣ ከዚያ ደውለህ «ኬሚስትሪ ምን ያደርግልሻል፣ ጊዜሽን አታባክኚ» አልከኝ። እየሳቅክ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

አንተ ስትሄድ አባባ «የእኛ ሰዎች ከባሕር ሸሽተው ላም አገኙ፣ ይሄ ላም ትቶ ወደ ባሕር ይሮጣል» እያለ ስንት ጊዜ አጉረመረመ! የከረመው ማነው ያን ሁሉ ሲሰማ? ጥጆችህን ከክፍል በፊት ያጠባሁልህ እኔ ነኝ። «እየበላ ነው፣ እየተኛ ነው» እያልኩ እማንና አባባን ማታ ማታ ያጽናናኋቸውም እኔ ነኝ። በሩን ይዤልህ ነው የወጣኸው። አንተ ግን ወጥተህ ከውጭ ዘጋህብኝ።

«ቅሪ» ብትሉኝ እጮህ ነበር፤ በር አጋጭ ነበር፤ አንድ ሁለት ሰሃንም ይሰበር ነበር። ከዚያ ምናልባት ለአያታችን ስል እቀር ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቫቮ ሄድኩ። «ስእለቱ ዓመት ሙሉ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እኔ የተሳልኩት ዘውዱን ነው፣ ልጅቷን አይደለም። አንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው። ማነው ዓመት ያለሽ?»

ስም አልጠራሁም። የእማንም አልጠራሁም፤ ያንተንም።

ስለዚህ ጁን ላይ ዘውዱን እጭናለሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ካባውን የአክስቴ ልጅ ትጎትተው፤ እሷ መታየት ትወዳለች። በጸደይ ሁለተኛውን ኬሚስትሪ እወስዳለሁ፤ ነገ ለሚስስ ታካሃሺ ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ እማ እየሰማች። ለበዓሉ ና አልልህም። ቫቮ ለምን ቀረ ካሉ ፈተና አለብኝ በላቸው። ውሸት እንደሆነ አያቅትህም።

ማመልከቻዬንም ላንተ ዩኒቨርሲቲ አላስገባም። በሰሜን በኩል ሌላ አለ፤ እዚያም ባሕር አለ። ከዘመዶቻችን አንድም ሰው ሄዶበት አያውቅም፣ ስለዚህ የሚመክረኝ አይኖርም።

ሹራብህን ልብስ መደርደሪያው ውስጥ አገኘሁት፣ በፖስታ እልክልሃለሁ። እዚያ ማታ ማታ ይበርዳል ብለኸኝ ነበር።

ቫቮ አሁን ገብተው ላንተ እንደምጽፍ ሲያዩ ምርቃት ይዘዋል። ያሉትን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፦ «መንፈስ ቅዱስ መንገድህን ያቅናልህ፤ እህትህን መንገድ ስለምታሳያት እጥፍ አድርጎ ይክፈልህ።»

አሜን ብያለሁ፣ እያዩኝ ስለነበር።

እህትህ ኦዴት