የዘፋኙ ሜዳልያና የአባባ ክርክር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እታለሜ? ወገብሽ ተሻለሽ? እማዬስ እንቅልፍ ታገኛለች? የልጆችሽ ሳል ለቀቃቸው? አባባስ? ይቺን «አባባስ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣታለሁ። ቅዳሜ ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ ብዬው ሳልደውል ቀረሁ። ረሳችኝ ብሎ ገብቶ ከሆነስ? የሆነውን ልንገርሽ።

ያ በስልክ የተከራከራችሁበት ዘፋኝ የሰብአዊነት ሜዳልያውን የተቀበለው እዚህ ሰው አገር፣ እኔ በምሠራበት አዳራሽ ነው። ሰውን አንድ ስላደረገ ነው አሉ። አንቺ ለሐኪም የሚገባ ክብር ለዘፋኝ ሲሰጥ ያሳፍራል ስትይ፣ አባባ ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ ላይ ያዘፈነ ቀላል ሥራ አልሠራም ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ካንቺ ወገን ነበርኩ። «እዚያው ነሽ፣ በዓይንሽ አይተሽ ፍረጂ» አለኝ። ምን አያለሁ? ያየሁት ሜዳልያው የሚቀመጥበትን የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ እሱንም ሁለቴ አስተኩሰውኛል።

ልብስ ማጠቢያችን ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ሽልማቱ በተሰጠበት በዚያው ቅዳሜ ተቆጣጣሪያችን ስልካችንን በካርቶን ሰብስቦ፣ ለእንግዶቹ ደህንነት ነው ብሎ በሩን ከውጭ ቆለፈብን። ፓስፖርታችን ድሮም እሱ ዘንድ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንኳኳሁ፤ ማን ሰምቶኝ!

ከዚያ ከላይ ዘፈኑ ጀመረ። ያቺ «ቁጡዋ» የምላችሁ፣ በካውያ ተጣልተን ስምንት ወር የተኳረፍነው፣ ለመታረቅም የጋራ ቋንቋ ያጣነው፣ ልብስ እያጠፈች ታንጎራጉረው ጀመር። እኔም ሳላስበው ተቀበልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ምን እንደሆንኩ በእጇ ጠየቀችኝ። ሆዴን በጣቴ የምቀድ መስዬ አሳየኋትና «አባባ» አልኳት። ገባት። ብድግ ብላ በሩን ትደበድብ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ጉዳችንን ስሚ። አሥራ አንድ ሴቶች ስንደበድብ እጃችን ከዘፈኑ ምት ጋር ገጠመ፤ አፋችንም አልቀረም። ከላይ ያሉት የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡልን። ዘፋኙም «ከታችም አብረውን ይዘፍናሉ!» ሲል በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። ዝም ብለን እንደመጣልን ብንደበድብ ኖሮ ምናልባት ሰው ይመጣ ነበር። በሩ የተከፈተው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ስለረበሻችሁ ብሎ ስልካችንን እስከ ወር መጨረሻ ያዘብን። ይህንንም ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያስገባልኝ ልብስ የሚያመላልሰው መኪና ሹፌር ነው፤ ስልኩን ለማዋስ ግን ፈራ።

አሁን እኔና ቁጡዋ ካውያ እንቀባበላለን። ትናንትም ዛሬም ጠዋት «አባባ?» አለችኝ። አላውቅም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጆችሽን፣ ባለቤትሽን፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ። የአባባን ሰላምታ ግን በልብሽ እንዳታነቢው። አልጋው አጠገብም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ያለበት ድረስ ሂጂና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት፦ አባባ፣ አልረሳሁህም፣ በሩ ተቆልፎብኝ ነው። አይቼ ፈርጃለሁ፤ ክርክሩን አንተ ረትተሃል።

ታናሽ እህትሽ
ከምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ፣ ሰኞ ኅዳር ፲፪ ቀን